ምዕራፍ ስምንት፦ እሳትን በሐይቅ ውሃ ስለ መግራት

ከባሕር ዳር ተነሥተው ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ራቅ ሲልም እስከ ደቅ ደሴት ድረስ ምእመናንንና ጎብኚዎችን የሚያመላልሱት ጀልባዎች ከኋላቸው አንጠልጥለውት የሚሄዱት ሞተር፣ መልኩ አነስተኛ አሠራሩም ቀላል መስሎ ቢታይም፣ በሆዱ የተሸከመው እሳት የዋዛ አይደለም። ቤንዚንና አየር ተዋሕደው በሲሊንደሩ ውስጥ በሚነዱበት ቅጽበት የሚወለደው ግለት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን፣ ይህን ግለት ፊት ለፊት የሚቀበለው ፒስተን ግን የተሠራው በ660 ዲግሪ ገደማ ከሚቀልጠው ከአሉሚኒየም ነው። እንግዲህ ሞተሩ አንድ ቀን ከመጠን በላይ መጋሉ ሳይሆን፣ በየቀኑ ሳይቀልጥ ወጥቶ መግባቱ ነው ማብራሪያ የሚያሻው፤ ይህን የተረዳ ሰው የበሽታውን መንሥኤ ለመፈለግ ግማሹን መንገድ ተጉዟል ማለት ይቻላል።

የሥነ ፍጥረትን ነገር የሚያስተምሩ ሊቃውንት፣ እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃና መሬት የተባሉት አራቱ ባሕርያት በጠባያቸው የሚጻረሩ ሆነው ሳሉ በአንድ ፍጥረት ውስጥ ተስማምተው እንዲኖሩ መደረጋቸውን እያደነቁ ያስረዳሉ። የጀልባ ሞተርም በሰው እጅ የተሠራ ታናሽ ስምምነት ነው፤ እሳቱን ከቤንዚኑ፣ ነፋሱን ከሰማይ፣ ውሃውን ከሐይቁ ይወስዳል። አራተኛው ባሕርይ፣ መሬት፣ በዚህ ማኅበር አልተጠራም፤ ነገር ግን በጣና ሐይቅ ላይ ደለል ሆኖ ሳይጠሩት ይገባል፤ የዚህ ምዕራፍ አብዛኛው ነገርም ስለዚሁ ያልተጠራ እንግዳ ነው። የአምራቾቹ መምሪያ መጻሕፍት በአብዛኛው ባሕርን በዐይነ ኅሊና እያዩ የተጻፉ ስለ ሆኑ፣ ስለ ጨው፣ ስለ ዝገትና በጨው ስለ ተደፈኑ ቧንቧዎች በብዙ ሐተታ ይናገራሉ፤ ጣና ግን ጨው የለውም። የጣና ሞተር ጠላቶች ደለሉ፣ አረሙና የቦታው ከፍታ ናቸውና፣ መጽሐፉን ቃል በቃል የሚከተል መካኒክ ብዙ ጊዜ የሌለ ጠላት ሲያሳድድ ይውላል።

እዚህ ላይ ጥቂት ከመንገዳችን እንውጣ። ይህን ዓይነት ሞተር በገበያ ካስፋፉት ሰዎች ዋነኛው፣ በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ የሠራው ኦሌ ኤቭንሩድ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ለሽያጭ ያቀረበው ሞተር ጉልበቱ አንድ የፈረስ ጉልበት ተኩል ነበር፤ ስለ ሐሳቡ አመጣጥም ሲተረክ፣ በአንድ የበጋ ቀን ለእጮኛው አይስክሬም ሊገዛ ሐይቅ አቋርጦ እየቀዘፈ ሲመለስ፣ አይስክሬሙ በመንገድ ቀልጦ ስላስቀየመው ነው ይባላል። እውነትም ይሁን ተረት፣ ሙቀት በዚህ መሣሪያ ልደት ላይ እንኳ እጁን ማግባቱ ፈገግ ያሰኛል።

በመኪና ውስጥ ያለው የማቀዝቀዣ ውሃ በራዲያተር እየበረደ ያው በያው ሲዘዋወር ይኖራል፤ የጀልባ ሞተር ግን ሐይቁን በሙሉ ራዲያተሩ አድርጎ፣ በየደቂቃው አዲስ ውሃ ከታች እየሳበ፣ ያገለገለውን መልሶ ወደ ሐይቁ ይደፋል። ውሃው የሚገባው ከፕሮፔለሩ በላይ በማርሽ ቤቱ ጎንና ጎን በሚገኙት የወንፊት ቀዳዳዎች ነው፤ ከዚያ ከሞተሩ እስከ ማርሹ በሚወርደው ዘንግ ላይ የተሰካች፣ መካኒኮች ኢምፔለር የሚሏት የጎማ መንኰራኵር ትቀበለውና በቀጭን ቱቦ ሽቅብ ትገፋዋለች፤ በላይ ሲደርስ በሲሊንደሮቹና ቴስታታ በሚባለው መክደኛቸው ውስጥ በተቦረቦሩት ጠባብ መተላለፊያዎች ዞሮ ሙቀቱን ይለቅማል፤ በመጨረሻም ተርሞስታት የተባለው በር ሲከፈትለት ከጭሱ ጋር ተደባልቆ በታች ይወጣል። ቤንዚኑ ከሚሰጠው ሙቀት ቢበዛ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ጀልባውን ሲገፋ፣ የቀረው በጭሱና በዚህ ውሃ ተወስዶ መውጣት አለበት። የመስኖ ውሃ የቀረበት ገበሬ ከመጥለፊያው ተነሥቶ ቦዩን እየተከተለ የተደፈነበትን ስፍራ እንደሚፈልግ፣ የጋለ ሞተር የሚመረምር ሰውም ይህን መንገድ ከወንፊቱ ጀምሮ ወደ ላይ መከተል ይገባዋል፤ ቴስታታውን አስቀድሞ የሚፈታ መካኒክ ድካሙንም የባለቤቱንም ገንዘብ በከንቱ ያጠፋል።

ጀልባ ነጂዎች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ምስክር አለ፤ እርሱም ከሞተሩ ጎን ወደ ውጭ የሚፈናጠረው ቀጭን የምልክት ውሃ ነው። ይህ ውሃ ከዋናው መንገድ በቅርንጫፍ ተከፍሎ የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ፓምፑ በሕይወት እንዳለ ይናገራል፤ ከዚህ የበለጠ ግን አይናገርም። በብዙ ሞተሮች ቅርንጫፉ የሚነሣው ውሃው ተርሞስታቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ስለ ሆነ፣ የምልክቱ ውሃ በኃይል እየተፈናጠረ ሳለ ቴስታታው ሊቃጠል ይችላል። በተቃራኒውም ቀዳዳዋ ጠባብ በመሆኗ፣ ሞተሩ ቆሞ በሰነበተ ጊዜ ተርብ ጭቃ ጠፍጥፎ ቤት ይሠራባታል፤ ወይም አንዲት የደለል ቅንጣት ትወተፍባታል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ምልክቱ ይጠፋል። ስለዚህ ምልክቱ ሲጠፋ ሞተሩን ወዲያው አጥፍቶ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ መጥረግ ነው፤ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ስንት ሰው ይህን ዘልሎ የማርሽ ቤት ሲያወርድ እናያለን! ለምስክሩም ቢሆን መኖሩን ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም መመርመር ይገባል። ለብ ያለ ውሃ የጤና ነው፤ እንፋሎት እየቀላቀለ የሚተፋ ከሆነ ግን ውሃው አንሷል ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ፣ አንድ ብሎን እንኳ ሳይፈታ፣ ጀልባ ነጂውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጥያቄውም «መቼ ነው የሚግለው?» የሚል ነው። በሚኒሞ፣ ማለትም በዝቅተኛው ዙር፣ ሲሄድ ብቻ ግሎ፣ ነዳጅ ሲሰጡት የሚበርድ ከሆነ፣ የኢምፔለሯ ክንፎች አልቀው በዝግታ ስትዞር ውሃውን መግፋት ተስኗቸዋል፤ በትልልቆቹ ሞተሮች ደግሞ በፍጥነት ጊዜ ተጨማሪ ውሃ ሊያሳልፍ የተበጀው የግፊት ቫልቭ በቆሻሻ ምክንያት ተከፍቶ ቀርቶ ይሆናል። በሚኒሞ ደኅና ሆኖ በሙሉ ጉልበት ሲሄድ ብቻ የሚግል ከሆነ፣ ወንፊቱ በከፊል ተደፍኗል፤ ወይም የላይኛው መተላለፊያ በደለል ጠብቧል፤ ወይም ሞተሩ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ከውሃው ጋር አየር እየጠጣ ነው። የጀልባው የኋላ ግድግዳ ከፍ ተደርጎ ተሠርቶ ሳለ አጭር እግር ያለው ሞተር ሲታሰርበት ይህ የመጨረሻው ዘወትር ይደርሳል፤ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባው ወለል ጋር መተካከል ወይም ጥቂት ዝቅ ማለት አለበትና። ከተነሣ በኋላ ወዲያው፣ በማንኛውም ፍጥነት የሚግል ከሆነ ተርሞስታቱ እንደ ተዘጋ ደርቋል፣ ወይም ኢምፔለሯ ጨርሳ ሞታለች። ሲሄድ ውሎ በሐይቁ መካከል የሙቀት ማስጠንቀቂያው በድንገት የሚጮህ ከሆነ ግን መጀመሪያ ወደ ታች፣ ወደ ወንፊቱ መመልከት ነው።

በጣና ላይ ወንፊቱን የሚደፍኑት ዋነኞቹ ነገሮች አረምና ፌስታል ናቸው። እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ በይፋ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ፣ ይልቁንም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻዎች፣ ነፋስ እየነዳው ከቦታ ወደ ቦታ የሚጓዝ አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኗል፤ ከላይ የሚታየው ቅጠሉ ሳይሆን ከሥሩ የተንጠለጠለው ጠጉር መሰል ሥር ነው ወደ ወንፊቱ ተስቦ የሚለጠፈው። በወደቡ አቅራቢያ ደግሞ ፌስታል ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ሞተሩ ሲስብ ይለጠፋል፣ ሲጠፋ ተላቅቆ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሞተሩን አንሥቶ ቢያዩ ምንም አይገኝም፤ ነጂውም ሞተሩ ያለ ምክንያት የጋለ ይመስለዋል። የማስጠንቀቂያው ጩኸት እንደ ተሰማ፣ ነዳጁን ቀንሶ፣ የምልክቱ ውሃ ካልወጣ ወዲያውኑ አጥፍቶ፣ ሞተሩን ከውሃው አንሥቶ ወንፊቱን በእጅ መጥረግ፣ ከዚያም የኋሊት ማርሽ አስገብቶ ለጥቂት ጊዜ ማስኬድ፣ ይህን መሰሉን ድፍን ብዙውን ጊዜ ያስለቅቀዋል። እምቦጭ የተኛበትን ስፍራ በዝግታ ሰንጥቆ ለማለፍ መሞከር ግን ከንቱ ነው፤ በዙሪያው መሄድ፣ ግድ ከሆነም ሞተሩን አንሥቶ በመቅዘፊያ ማለፍ ይሻላል። በጋለው ቴስታታ ላይ በባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ የሚደፋ ሰው ደግሞ በአሳቢነት ሞተሩን ይገድለዋል፤ በድንገት የሚኰማተር ብረት ይሰነጠቃልና፤ ጥላ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል በራሱ እንዲበርድ መተው ነው መድኃኒቱ።

ስለ ኢምፔለር ጥቂት ሰፋ አድርገን መናገር አለብን፤ ይህች ከመዳፍ የምታንስ ጎማ የሞተሩን ሕይወት በእጇ ይዛለችና። ስድስት ያህል ክንፎች ያሏት ስትሆን የምትዞርበት ቤት መካከሉ የተዛነፈ ስለ ሆነ፣ ክንፎቿ በአንዱ ወገን ታጥፈው በሌላው ወገን ይዘረጋሉ፤ ሲዘረጉ ውሃ ይስባሉ፣ ሲታጠፉ ይገፋሉ። የጎማዋ ቅባት ይኸው የምትገፋው ውሃ ነው። ሞተሩ በየብስ ላይ «ልሞክረው» ተብሎ ያለ ውሃ ቢነሣ፣ ደቂቃ ሳይሞላ ክንፎቿ ተቃጥለው ይጠነክራሉ፤ ያን ሞተር ነገ ሐይቅ ላይ ይዞት የሚወጣው ሰው ምክንያቱን አያውቀውም። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የተባሉት ወንዞች በክረምት ከደጋው እያጠቡ የሚያመጡት አፈር በሐይቁ ይሰፍራል፤ ሐይቁ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑም፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የተኛው ደለል ተቀስቅሶ ውሃውን ያደፈርሰዋል። በዚህ ድፍርስ ውሃ ውስጥ የምትዞር ጎማ በአሸዋ እንደ ተሞረደች ትቆጠራለች፤ ክንፎቿ ብቻ ሳይሆኑ የምትዞርበት የብረት ጽዋና ከሥሯ ያለው ዝርግ ብረት ጭምር ይቦረቦራሉ፤ ብረቱ ሳይለወጥ ጎማዋን ብቻ የለወጠ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። አምራቾች በየዓመቱ ወይም በተወሰነ የሥራ ሰዓት እንድትለወጥ ያዝዛሉ፤ እኛ ደግሞ በጣና ከታዘዘው ቀድሞ መለወጥ፣ ይልቁንም ክረምቱ እንዳለፈ፣ ተገቢ ነው እንላለን። መለዋወጫው ውድ ነው፣ አይገኝምም፣ የሚል ሰበብ ዘወትር ይሰማል፤ ነገር ግን የአንዲት ጎማ ዋጋ ከአንድ ቴስታታ ዋጋ ጋር ሲተያይ ክርክሩ ወዲያው ያበቃል።

ስትመረመር ክንፎቿ ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው፤ ሞተሩ ወራት ቆሞ እንደ ታጠፉ ከደረቁ፣ ወይም በሥራቸው ላይ ስንጥቅ ከታየ፣ ትጣል። ለዐይን የሚሰወር ጉዳትም አለ፤ ጎማው ከመካከለኛው የብረት እምብርት ሲላቀቅ፣ ዘንጉ እየዞረ ጎማው ይቆማል፤ ወይም ሁለቱን የምታያይዘው ትንሽ የብረት ሽብልቅ ትቈረጣለች፤ ኢምፔለሯ አዲስ መስላ ሳለ ውሃ አትገፋም። ከክንፎቿ አንዱ ተቈርጦ የጠፋ እንደ ሆነ ደግሞ አዲሷን ተክሎ መሄድ አይበቃም፤ የተቈረጠው ቍራጭ ሽቅብ ተጉዞ በቱቦው ወይም በቴስታታው ጠባብ መንገድ ተቀርቅሮ ተቀምጧልና፣ እስኪገኝ መፈለግ ግዴታ ነው። አዲሷ ስትገባ በሳሙና ውሃ ታርሳ፣ ዘንጉን በሥራው አቅጣጫ እያዞሩ ወደ ቤቷ ይሰዷታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የማርሽ ቤቱ ወደ ቦታው ሲመለስ የውሃው ቱቦ በዕውር ድንብር ነው ከፓምፑ አፍ ጋር የሚገናኘው፤ ሳይገጥም ብሎኖቹ ከተጠበቁ፣ አዲሷ ኢምፔለር የምትስበው ውሃ በሞተሩ እግር ውስጥ ይፈሳል፤ ባለቤቱም «አዲስ ገጠምኩ፣ ባሰበት» እያለ ያማርራል።

ተርሞስታቱ በብዙ የጀልባ ሞተሮች ላይ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይከፈታል። ከመኪናው ይህን ያህል ዝቅ ያለበት ምክንያትም የባሕር ውሃ ከዚህ ይበልጥ ሲሞቅ ጨውና ኖራው በመተላለፊያዎቹ ላይ እየተጋገረ ስለሚቀር ነው። ለመፈተን በክር አንጠልጥሎ በድስት ውሃ ውስጥ መክተትና ውሃውን ቀስ በቀስ ማሞቅ ይበቃል፤ ሳይከፈት ከቀረ ተበላሽቷል። ብዙ መካኒኮች የተበላሸውን አውጥተው ይጥሉና ያለ ተርሞስታት ያስኬዱታል፤ ከሐይቁ መካከል ወደብ ለመድረስ ይህ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ለዘለቄታው ግን አይደለም። ውሃው 20 ዲግሪ ከጥቂት ፈቀቅ ብሎ ሳለ ያለ በር ሲያልፍበት የሚውል ሞተር ከሚገባው በታች ይበርዳል፤ ቤንዚኑ በደንብ አይተንም፣ በአራት ምት ሞተር ደግሞ ወደ ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል።

ቦታው ከፍ ያለ መሆኑም የራሱ ጣጣ አለው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ውሃ በዚያ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። የመኪና ራዲያተር ክዳኑ ግፊት እየያዘ የመፍያውን ልክ ከፍ ያደርገዋል፤ የጀልባ ሞተር መንገድ ግን ለሐይቁ ክፍት ነውና ይህ እርዳታ የለውም። ውሃው በቴስታታው አንድ ጥግ ወደ እንፋሎት ከተለወጠ በብረቱና በውሃው መካከል ባዶ ይገባል፤ ያ ጥግ ይብስ ይግላል፣ እንፋሎቱም ይበዛል። ሁለተኛው ጣጣ በነፋሱ በኩል የሚመጣ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከአምስት እጅ አንዱን ሊያህል ጥቂት እስኪቀረው ስለሚቀንስ፣ ካርቡራተር ያለው ሞተር ቤንዚን በዝቶበት፣ ካንዴላው ጠቁሮ፣ ጉልበቱ ይደክማል፤ ብልህ መካኒክ ቤንዚኑን የሚመጥነውን ቀዳዳ፣ ጂግለሩን፣ በጠባብ ይለውጥለትና ይፈወሳል። ይህ ሞተር ግን ከዓመታት በኋላ ተሽጦ ወደ ጋምቤላ፣ ከ500 ሜትር ብዙም ወደማይርቀው ወደ ባሮ ወንዝ ቢወርድ፣ ወፍራሙን አየር በጠባቡ ጂግለር እያቃጠለ ፒስተኑን ያቀልጠዋል፤ በዚህ ጊዜ ወንፊቱም፣ ኢምፔለሯም፣ ተርሞስታቱም ቢመረመሩ ሁሉም ጤነኞች ሆነው ይገኛሉ፤ ማስጠንቀቂያውም የሚለካው የቴስታታውን ሙቀት እንጂ የፒስተኑን አይደለምና ላይጮህ ይችላል። ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በሚነዳው በሁለት ምት ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ከ50 አንድ በሚል መጠን ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ሲገባው፣ ቢጐድል ፒስተኑ ደርቆ ይጋጫል፤ «ይብዛለት» ተብሎ ሲጨመርም በዚያው ልክ ቤንዚኑ ስለሚቀንስ ወደዚያው ወደ ግለቱ ይመለሳል።

ከላይ ያለው ሁሉ ደኅና ሆኖ ሞተሩ አሁንም የሚግል ከሆነ፣ ያን ጊዜ ብቻ ቴስታታው ይፈታ። ከዚያ በፊት ግን ካንዴላዎቹን አውጥቶ ማየት ይጠቅማል፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ በእንፋሎት እንደ ታጠበ ነጭ ከሆነ፣ በዚያ ሲሊንደር በኩል ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሎ ውሃ ያስገባል፤ የተቃጠለው ጋዝም በፋንታው ወደ ውሃው መንገድ እየገባ ውሃውን ይገፈትረዋል። በቴስታታው ላይ ቀለሙ የተንጨባረረ ወይም የጠቈረ ሞተር ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ክፉኛ ግሎ እንደ ነበር ቀለሙ ይመሰክርበታልና፣ ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ከዋጋው ክርክር በፊት ክዳኑን ይክፈት። ቴስታታው ሲፈታ በጣና ሞተር ብዙ ጊዜ የሚገኘው፣ ውሃው ዝግ በሚልባቸው ጥጎች ተቀምጦ በግለቱ የተተኰሰ፣ ወደ ሸክላ የተለወጠ ደለል ነው፤ በለሰለሰ ሽቦ እየፈነቀሉ፣ ንጹሕ ውሃ በጎማ ከላይ ወደ ታች፣ ከተለመደው መንገድ በተቃራኒ እየሰደዱ ያወጡታል።

ሥራው ሲያልቅ ሞተሩን በበርሜል ውስጥ ማስነሣት ይቻላል፤ ውሃው ግን ፓምፑ ካለበት ስፍራ በላይ መድረስ አለበት፤ ደግሞም የበርሜል ውሃ ፈጥኖ የሚሞቅና በጭሱ የሚበላሽ በመሆኑ፣ በሚኒሞ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አያቆዩትም። እውነተኛው ፈተና በሐይቁ ላይ፣ ከዳር ሳይርቁ፣ በሙሉ ጭነትና በሙሉ ጉልበት አሥር ደቂቃ ያህል ሄዶ፣ ከዚያ ወደ ሚኒሞ ዝቅ አድርጎ፣ ክዳኑን ከፍቶ በቴስታታው ላይ ጥቂት የውሃ ጠብታ በጣት ማንጠባጠብ ነው፤ ጠብታው ሳይንጫጫ ቀስ ብሎ ከደረቀ ግለቱ በልኩ ነው፤ ከተንጫጫ ወደ ወንፊቱ መመለስ ያስፈልጋል። ከሰዓት በኋላ በጣና ላይ ነፋስ ስለሚነሣና ቆሞ የቀረ ጀልባ ወዳልፈለገው ዳርቻ ስለሚነዳ፣ ይህ ሙከራ በጠዋት፣ መልሕቅና ሁለት መቅዘፊያ ተይዞ ይደረጋል።